አፉ ወደ ቤት የሚያይ ቆርቆሮ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ካርታ ያዘጋጃል። ባለፈው ዓመት ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈው ወረቀት የተወለድኩበትን በረሃ የያዘ ነበር። ከጥግ እስከ ጥግ አንዲት ቀይ መስመር ተስባበታለች፤ እሷ ዋናው መንገድ ናት። ከመስመሯ በላይ ባዶ፣ ከመስመሯ በታችም ባዶ። የክፍሉ ኃላፊ በትከሻዬ በኩል አየት አደረገና፣ "ይሄ እንኳን አያደክምሽም፤ ምንም የለበትም" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ምንም የለበትም ባለው ቦታ ላይ እኮ የአክስቴ ጥርስ አለ፣ ድስት ክዳን ያልነው ኮረብታ አለ፣ የሚያቃጭለው ድንጋይ አለ፣ የእማዬ መስታወት አለ። ግን ይህንን ለአለቃ እንዴት አድርገው ያስረዱታል? እርሳሴን መቅረጽ ጀመርኩ። ሳልጽፍበት ግማሹን ቀርጬ ጨረስኩት።

ስሞቹን ያወጣነው እኛ ነን፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። አባቴ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። የምንኖረው የመንገድ ጥገና ካምፕ ውስጥ ነው፤ አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ ከዚያ ወዲያ አሸዋ ብቻ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ነፋስ መንገዱ ላይ የቆለለውን አሸዋ በግሬደሩ ምላጭ ሲገፋ ይውላል፤ ነፋሱ ደግሞ ሌሊት መልሶ ያመጣዋል። "ነፋሱን እንዳትሰድቡብኝ፤ የእንጀራ ገመዴ ነው" ይለን ነበር።

ጤነኛ ሰው በዕረፍት ቀኑ ያርፋል። የእኔ አባት ግን ስድስት ቀን መንገድ ላይ ውሎ በሰባተኛው ቀን ከመንገድ ይወጣል። አሮጌዋን ፒክአፕ ያስነሳል፣ እማዬ ፔርሙዙንና ዳቦውን ጭኗ ላይ ይዛ በር ጋ ትቀመጣለች፣ እኔ መሃል እሰነቀራለሁ። ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ ሄደን፣ አባዬ "እስቲ ዛሬ እዚህ ጋ ምን አለ?" ይልና መሪውን ያጥፋል። እማዬ ሁልጊዜ "ምን ይኖራል፣ ድንጋይ ነዋ" ትላለች። ድንጋይም ይሆናል። ግን ምን ዓይነት ድንጋይ! አንዱ በሌላ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ያቃጭላል። ሁለቱ ደግሞ ነጭ ሆነው መሃላቸው ክፍት ነው፤ ከተማ የምትኖረው አክስቴ ስትስቅ የሚታየውን ፍንጭት ቁርጥ። አክስቴ ይህንን ሳትሰማ ነው ያረጀችው፤ አደራ፣ ማንም እንዳይነግራት።

ከሁሉም የምንወደው የእማዬን መስታወት ነበር። በሁለት ቋጥኞች መሃል የተኛች ትንሽ የውሃ ጉድጓድ ናት፤ ዝናብ በጣለበት ዓመት ብቻ ትሞላለች። የመጀመሪያ ቀን እማዬ አጎንብሳ ሻሿን አስተካከለችባት። አባዬ፣ "አንቺን ለማስዋብ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳሁ!" አላት። እሷም ፊቱ ላይ ውሃ ረጨችበት። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸደቀ።

አባዬ የእኔ የሚለው የምልክት አሠራር ነበረው። ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ መንገድ የሚለያይበት ቦታ ሁሉ ላይ ድንጋይ ይከምርና፣ በላዩ ባዶ የሞተር ዘይት ቆርቆሮ በጎኑ ያጋድማል። ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ይሞላዋል። የቆርቆሮው አፍ የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ ቤት ነው። ከቤት ስንመጣ አፉ ፊት ለፊት ያየናል፤ ስንመለስ ደግሞ አፉ ወዳየበት መሄድ ነው። በዓመታት ውስጥ በረሃው ሁሉ አባቴ ባስቀመጣቸው ቆርቆሮዎች ተሞላ። "ሰው ይዋሻል፣ ዓይንም ይዋሻል፤ ቆርቆሮ አይዋሽም" ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ።

አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ለዚህ ነው የካምፑ መካኒክ "ኮምፓስ" የሚል ስም ያወጣለት። መካኒኩ ራሱ ከላይ ኪሱ ካቻቢቴ ስለማይለይ እኛ ልጆች ጋሽ ካቻቢቴ እንለው ነበር። ለካምፑ ሰው ሁሉ ስም የሚያወጣው እሱ ነው፤ እሱ ያወጣው ስም ደግሞ እንደ ጥርስ ነው፣ ካልነቀሉት አይለቅም። "ኮምፓስ" ሲባል አባዬ ያልሰማ መስሎ ያልፋል፤ ጆሮው ግን ይቀላል። እኔም "የኮምፓስ ልጅ" ስባል ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ እል ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ከቆርቆሮ ቤቶቹ በአንዱ የነበረው የካምፑ ትምህርት ቤት አለቀብኝ፤ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልነበረውም። ከተማ አክስቴ ጋ ሆኜ እንድማር ተወሰነ። ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ በር ሥር ቆሟል፤ በማግስቱ ጠዋት እሄዳለሁ። አባዬ "እንግዲያው መስታወቱን ተሰናበቺው" ብሎ ወሰደን።

ወደዚያ ስንሄድ ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ አለ። አንደኛው እኛ የመጣንበት ነው፣ ወደ ካምፑ ይመልሳል። ሌላኛው የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። መገናኛው ላይ የአባዬ ቆርቆሮ አለች። እዚያ ጥላ ስለነበር ዳቦ ልንበላ ወረድን። እነሱ ሲያወሩ እኔ ወደ ቆርቆሮዋ ሄድኩ። የልጅ ሂሳቤ ቀላል ነበር፤ መንገድ ከጠፋን ካምፕ አንደርስም፣ ካምፕ ካልደረስን ከተማ አልሄድም። በሁለት እጄ ታቅፌ አፏን ወደ ሌላኛው ወንዝ አዞርኩት። ከባድ ነበረች። ከዚያ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ዳቦዬን በላሁ።

ከመስታወቱ ስንመለስ ነፋስ ተነስቶ አቧራው ኮረብታውን ሁሉ ሸፈነው። አባዬ መገናኛው ላይ ቆመ። ቆርቆሮዋን አየ፣ ወንዙን አየ፣ እንደገና ቆርቆሮዋን አየ።

"ልቤ በግራ ነው የሚለኝ" አለ።

"ታዲያ ልብህን ስማዋ" አለችው እማዬ።

"ቆርቆሮ አይዋሽም" አለና በቀኝ ነዳ።

እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ትንፍሽ አላልኩም።

አሸዋ ውስጥ ተቀረቀርን። ያን ሌሊትና በማግስቱ እስከ ከሰዓት እዚያው ነበርን። ውሃው ሲያልቅ እማዬ የፔርሙዙን ሻይ በክዳን እየለካች ለእኔ ብቻ ሰጠችኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ አባዬን አየሁት፤ መሪው ላይ ተደፍቷል። ፈራሁና ዘጋሁት። የካምፑ ሰዎች በዋናው መንገድ በኩል ዞረው አገኙን፤ ከእነሱ ጋር ስለተመለስን ቆርቆሮዋ ጋ ማንም አልሄደም። ጋሽ ካቻቢቴ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ኮምፓስ ሞተ! ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ጠፋሁ ነው!" ብሎ ጮኸ። በድንጋጤ ላይ የተገኘ ቀልድ ስለነበር ሁሉም ሳቀ። አባዬም ሊስቅ ሞከረ።

እኔ በሳምንቱ ከተማ ገባሁ፤ ምን ቀረልኝ? እሱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ ከዋናው መንገድ አልወጣም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያንኑ አሸዋ ገፋ። ለዕረፍት ስመጣ "አባዬ፣ የአክስቴ ጥርስ ጋ እንሂድ" ስለው፣ "ጎማው ልሟል" ይለኛል። ጎማ ገዝቼለት ስመጣ፣ ባትሪው ይደክማል። ሁልጊዜ ልነግረው እነሳለሁ፣ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዕረፍት አስተላልፋለሁ። እማዬ ሞተች። ነገሩ ባደረ ቁጥር እንደ ሲሚንቶ ጠነከረ።

በዚህ ዓመት ልወስደው መጣሁ፤ ለዘለቄታው። ካምፑ ሊፈርስ ነው፣ አባዬም ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዓይኖቹ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰውን ከበር አይለዩም። ሻንጣው ተዘጋጅቶ በር ሥር ቆሟል።

"አንድ ቦታ ታደርሺኛለሽ" አለኝ ጠዋት።

"የት?"

"ያቺ ቆርቆሮ ጋ።"

ሻዬ ትን አለኝ።

"ስንቱን ነገር ረሳሁ" አለ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ፣ "እሱን ግን መርሳት አቃተኝ። ሄደሽ ታዪልኛለሽ። አፏ እኛን የሚያይ ከሆነ ያን ቀን የበደለኝ ዓይኔ ነው። ወዲያ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ሳስቀምጣት ነው የተሳሳትኩት፣ እጄ ነው። የቱ እንደሆነ አውቄ ልሂድ።"

እኔ ነዳሁ፣ እሱ መራ። በዓይኑ አይደለም፤ በመቀመጫው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግሬደር ላይ የተቀመጠ ሰው መሬቱን ከታች ነው የሚያነበው። "አሁን መንገዱ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ሆነ አይደል? ይሄ የነፋሱ በር ነው። ትንሽ ሂጂ። ጠጠር ሰማሁ… አሁን ውጪ፣ በግራ!" እያለ። የአክስቴ ጥርስ ጋ ስንደርስ እኔ ሳልነግረው አንገቱን ወደዚያ አዞረ። "አሁንም አልተተከለላትም?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን ሞላ። እንዲህ ያለውን አባቴን ካየሁ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ለካ ይህንን ሁሉ ነው በሁለት እጄ ታቅፌ ያዞርኩት።

መገናኛው ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ቆርቆሮዋ እንዳለች አለች። ዝጋለች፣ ጽሑፏ ጠፍቷል፣ ድንጋዮቹ ግን አንዱም አልተነሳም። የታየኝ ጎኗ ነው፤ አፏ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እንዳዞርኩት ወደዚያኛው ወንዝ ያያል።

"አለች?"

"አለች።"

"አፏ ወዴት ነው?"

እኛን ታያለች ብዬ ብነግረው ያምነኛል። ዓይኔ ነው ብሎ ይቀበላል፣ ከዓይኑ ጋር እንደሆነ ድሮም ተጣልቷል። እሱም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እጁን አየሁት፤ ያ ድንጋዩን ሁሉ የከመረ ትልቅ እጅ የመኪናውን በር ጨብጦ መልሴን ይጠብቃል።

"ዓይንህም አይደለም፣ እጅህም አይደለም አባዬ" አልኩት። "እኔ ነኝ። ዳቦ ስንበላ ያዞርኳት እኔ ነኝ።"

ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ ወጣ።

"ለምን?"

"ከተማ መሄድ አልፈለግኩም። መንገድ ከጠፋን እዚህ የምንቀር መስሎኝ።"

"እዚህ? ምን እየበላን?"

"ዳቦው ነበረ።"

አልሳቀም። "ሠላሳ አራት ዓመት" አለ። "ካቻቢቴ በሰው ፊት 'ጠፋሁ' ብሎ ሲጠራኝ ትሰሚ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

በሩን ከፍቶ ወረደ። እጁን ዘርግቶ በእግሩ እየዳበሰ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ተከትዬው ወረድኩ፣ ልይዘው ስል ግን ክንዱን ነጠቀኝ። ቆርቆሮዋን በመዳፉ ዳበሳት፣ ጎኗን፣ ቂጧን፣ አፏን። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

"እናትሽ ያን ሌሊት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ተኝተሽ ነበር። 'አንተ አልተሳሳትክም፣ ይቺ ቆርቆሮ አንድ ነገር ሆናለች እንጂ' አለችኝ። እኔ ጮህኩባት። 'እንደ ሕፃን አታባብዪኝ' አልኳት። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አንስታ አታውቅም። እኔ ደግሞ በልቧ ታዝባኛለች እያልኩ… እሷ እኮ አምናኝ ነበር።"

እማዬን ስንቀብር ያላለቀሰው ሰውዬ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ አርባ ሦስት ዓመቴን ረስቼ፣ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። "ይቅር በለኝ" ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እሱ ግን ይቅርታዬን ትቶ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

"ስለዚህ አልተሳሳትኩም?"

"አልተሳሳትክም።"

"ልቤም በግራ ነበር ያለኝ።"

"በግራ ነበር ያለህ።"

"በይ ተነሺ" አለ አፍንጫውን በመሐረቡ እየጠረገ። "ያዞረችው እጅ ትመልሳት።"

ታቀፍኳት። ዝገቱ ጣቴን ቧጨረኝ። አፏን ወደመጣንበት ወንዝ ሳዞር እሱ በመዳፉ እየተከታተለ፣ "ትንሽ… ትንሽ… በቃ" አለኝ።

ወደ መስታወቱ ሄድን። ደርቋል፤ ድንጋዩ ላይ ውሃው የደረሰበት ነጭ መስመር ብቻ ቀርቷል። አባዬ አጎንብሶ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ አውቄያለሁ። የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው፤ "ጮኼብሽ ነበር፣ አጥፍቻለሁ" አለ።

ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ካምፑ በር ላይ ግን፣ "ወደ ካቻቢቴ ንጂ" አለኝ።

"ለምን አባዬ?"

"ንጂ ብያለሁ።"

ጋሽ ካቻቢቴ ግቢው ውስጥ አሮጌ ካርቡራተር ፈታቶ በጨርቅ ላይ ደርድሯል። ኪሱ ውስጥ ያው ካቻቢቴ አለ። አባዬ ከመኪናው ሳይወርድ እጁን ጥሩንባው ላይ አሳርፎ አላነሳም።

"ምን ሆነሃል ጠፋሁ? አልደነቆርኩም፣ ቀስ በል!"

"ና ውጣ! ልጄ የምትነግርህ ነገር አለ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ንገሪው" አለኝ።

ፀጉሬ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ከእኔ በታች ይሠራሉ። ቢሆንም እጄን ወደኋላ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ ቆርቆሮውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አባዬ አልጠፋም" አልኩ። ደንቁሬያለሁ ብሎ እንደገና አስደገመኝ። በኋላ ሳስበው የመጀመሪያውን በደንብ ሰምቶታል።

ጋሽ ካቻቢቴ ጨርቁን አንስቶ እጁን ረጅም ጊዜ ጠረገ። "እንዲያው እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በማን ነው ስቀልድ የኖርኩት?"

"በእኔ" አለ አባዬ።

ጋሽ ካቻቢቴ መኪናው ጋ መጥቶ በመስኮቱ እጁን አስገባ። "በል እንግዲህ… ኮምፓስ" አለ። አባዬ ያልሰማ መሰለ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ ልንነሳ ስንል ጋሽ ካቻቢቴ አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። "እንዳትጠፋብን" ብሎ አባዬ ጭን ላይ አስቀመጠለት። አባዬ ወርዶ ከደጃችን ጠጠር እያፈሰ ሞላው። መንገዱን ሁሉ ታቅፎት ነው የሄደው። አንዴ ብቻ ከተማው መግቢያ ላይ፣ "እኔም ትናንት ቆርቆሮ አዙሬ ቢሆን ኖሮ…" አለና ተወው። ገባኝ። ፍጥነቴን ቀነስኩ።

የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጣ በማግስቱ ጠዋት አባዬ በረንዳዬ ላይ ወጥቶ ፀሐይዋን በግራ ጉንጩ፣ ከዚያም በቀኙ ሞከራት። ቆርቆሮውን ጥግ ላይ በጎኑ አጋደመ። ትንሽ አዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ትንሽ አዞረ። ቢሮ ሄጄ ያችን ባዶ ወረቀት አወጣሁና ከከተማው ካርታ ጋር አጋጥሜ በማስመሪያ ለካሁ። በሰባት ሕንፃዎች፣ በሁለት ተራሮችና በዚያ ሁሉ አሸዋ ላይ አልፎ አፉ በቀጥታ ካምፑን ያያል።

አሁን ጠዋት ጠዋት እዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እኔም በዕረፍት ቀኔ በረንዳውን አጥባለሁ፤ ወንበሩን አነሳለሁ፣ ምንጣፉን አራግፋለሁ፣ ጥጉን በጨርቅ እወለውላለሁ። ቆርቆሮው ጋ ስደርስ ግን ዙሪያውን ብቻ ጠርጌ እመለሳለሁ። አልነካውም።